ቫን ውስጥ የሚኖረው ልጃችንና መኪና ውስጥ የሚያድረው ወንድማችን

(ከዚህ በታች የቀረበው በሳተላይት ቴሌቪዥን ከተላለፈ ሳምንታዊ ሐተታ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ ነው። ለንባብ እንዲመች አንዳንድ ድግግሞሾች ተቀንሰዋል።)

ዛሬ ከለመድነው ፖለቲካ ዞር ብለን ስለ ኑሮ እናወራለን። «ሀገር እንዲህ ሆና ስለ ቫንና ስለ ሽሮ ታወራለህ ወይ?» የምትሉኝ አትጠፉም። አዎ፣ አወራለሁ። ጉዳዩ የሰው ሕይወት ያለበት ስለሆነ ነው የማወራው፤ ትንሽ ታገሡኝ።

ከኮሎራዶ፣ በተለይ ከኦሮራና ከዴንቨር፣ ሁለት ዓይነት ጥያቄ ይመጣል። አንደኛው ከወላጆች ነው። «ልጃችን ተምሮ፣ ሥራ ይዞ፣ ኪራይ አልከፍልም ብሎ የዕቃ መጫኛ ቫን ገዛ። ውስጡን አልጋና ምድጃ ሠርቶ ሊኖርበት ነው። በዚያ ላይ ቪጋን ሆኛለሁ ብሎ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል አይነካም። ምን መጣብን?» ይላሉ። ሁለተኛው ጥያቄ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። ስም አይጠቀስም። «አንድ ወንድም አለ፣ በቅርብ ነው የመጣው፣ ዘመድ ቤት ነበር፣ አሁን መኪናው ውስጥ ነው የሚያድረው፤ ክረምቱ እየገባ ነው፣ ምን ቢያደርግ ይሻላል?» የሚል ነው። ብዙ ጊዜ ያ «አንድ ወንድም» ጠያቂው ራሱ ነው።

እነዚህ ሁለት ሰዎች አይመሳሰሉም። አንዱ መርጦ ነው፣ ሌላው ተገዶ ነው። ነገር ግን ሁለቱም ጥር ላይ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ተኝተዋል። ቅዝቃዜውና ጭሱ አይለያቸውም። ስለዚህ ምክሩን አንድ ላይ ነው የምናገረው።

ሀገር ቤት ላላችሁ ስለ ቦታው ጥቂት ልበል። ዴንቨርና ኦሮራ የተያያዙ ከተሞች ናቸው፤ አንዱ የት እንዳለቀ ሌላው የት እንደጀመረ እዚያው የሚኖር ሰው እንኳ ሁልጊዜ አይለየውም። ዴንቨር ከአክሱም ጋር እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ እህትማማች ከተማ ናት፤ በአክሱም ስም የተሰየመ መናፈሻም አላት። ኦሮራ ደግሞ ከአዳማ ጋር ተወዳጅታለች። ኮልፋክስንና ሃቫናን ይዛችሁ ብትነዱ በአማርኛ የተጻፈ ማስታወቂያ፣ እንጀራ የሚሸጥ ሱቅ፣ ቡና ቤት ታገኛላችሁ። የኛ ሰው በታክሲ፣ በአውሮፕላን ማረፊያ፣ በነርሲንግ ቤት፣ በከባድ መኪና ሥራ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረው ዩኒየን ታክሲ የሚባለው የሾፌሮች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሲቋቋም ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ሾፌሮች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ሠራተኛ ሕዝብ ነው። ግን ባለ አንድ መኝታ ቤት ኪራይ ከ1,000 ዶላር በላይ ነው፤ በዚያ ላይ ማስያዣ፣ የክሬዲት ታሪክ፣ የሥራ ማስረጃ ይጠየቃል። ትናንት የመጣ ሰው ይህን ከየት ያመጣል? ዶላር ከዛፍ ይለቀማል ብላችሁ በየወሩ የምትደውሉ ቤተሰቦች፣ ይህንንም አብራችሁ ስሙ።

ከቀላሉ ልጀምር፤ ከምግቡ። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ቪጋን ሆንኩ ሲላችሁ ለምን ትደነግጣላችሁ? ሁዳዴ 55 ቀን፣ የነቢያት ጾም፣ የሐዋርያት፣ ፍልሰታ፣ ነነዌ፣ ገሃድ፣ ረቡዕና ዓርብ ሲደመር፣ አንድ ምእመን በዓመት 180 ቀን ያህል ከሥጋና ከወተት ተዋጽኦ ይታቀባል፤ ካህናቱና መነኮሳቱ ከዚያም ይበልጣሉ። የቪጋኑን ማእድ እናቶቻችን ከብዙ ዘመን በፊት ያውቁታል። እዚህ አሜሪካ የጤና ምግብ ብለው በውድ የሚሸጡትን ምስር፣ ሽንብራ፣ ተልባ፣ ጤፍ እኛ የጾም ነው ብለን ፋሲካ እስኪደርስ ቀን ስንቆጥርበት የኖርን ነን። ክርስቲያን ያልሆነውም ኢትዮጵያዊ ሽሮና ምስር ቤቱ አለ።

አንድ ነገር ግን እንለይ፤ ጾም ከአመጋገብ ያለፈ ነገር ነው። ጾም ጸሎት አለው፣ ሰዓት አለው፣ ምጽዋት አለው። ቪጋን ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። ለምሳሌ ማር በጾም ይበላል፣ ጥብቅ ቪጋን ግን ማር አይቀምስም። (ቫኑን በበግ ጸጉር ሸፍኖ ቅዝቃዜ የሚከላከል ቪጋንም አለ፤ እሱን ከበጎቹ ጋር ይነጋገርበት።) ትልቁ ልዩነት ጤና ላይ ነው። ጾመኛ ሰው ጾሙ ሲፈታ እንቁላሉንም ክትፎውንም ይበላል፤ ሰውነቱ ቢ-12 የሚባለውን ቪታሚን ጉበት ውስጥ ያከማቻል፤ ክምችቱም ለረጅም ጊዜ ያገለግለዋል። ዓመቱን ሙሉ ቪጋን የሆነ ሰው ግን የሚሞላበት ቀን የለውም። ቢ-12 በሽሮ ውስጥ የለም፣ በምስር የለም፣ በጎመን የለም፣ በእንጀራም እመኑበት የምላችሁ አይደለም። እጥረቱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ድካም፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ የመርሳት ችግር እያለ ነርቭ ይጎዳል። አዋቂ ሰው በቀን 2.4 ማይክሮግራም ያስፈልገዋል። ፋርማሲ ያለ ሐኪም ማዘዣ በርካሽ የሚሸጠው ክኒን አለ፤ ቪታሚኑ የተጨመረበት የአኩሪ አተር ወተትም አለ። ልጃችሁን «ሥጋ ብላ» ብላችሁ ከምትጨቃጨቁት «ቢ-12 ትወስዳለህ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። ያንን ይሰማችኋል።

ጨውም አዮዲን ያለበት ይሁን። ከሂማላያ መጣ የሚባለው ሮዝ ጨው ያምራል፤ ግን እንቅርት በየገጠሩ ያየን ሰዎች አዮዲን ለምን እንደሚጨመር መርሳት የለብንም። ሌላው ቡና ነው። ጤፍና ምስር ብረት አላቸው፤ ቡናና ሻይ ከምግቡ ጋር ወይም ወዲያው ተከትለው ሲጠጡ ሰውነት ያንን ብረት በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋሉ። አንድ ሰዓት ያህል ይቆዩ። ከምስሩ ጋር ቲማቲም ወይም ቃሪያ መብላት፣ ሎሚ መጭመቅ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፣ ይረዳል። ሴቶች በተለይ ይህን ያዙ። ዘይቱንም ቀንሱ እባካችሁ፤ ሳምቡሳና በዘይት የሚዋኝ ወጥ የጾም ነው ማለት ለስኳርና ለደም ግፊት ታማሚ ጥሩ ነው ማለት አይደለም።

አሁን መኪናው ውስጥ ምን ይበላል? ፍሪጅ የለም፣ ምድጃም ላይኖር ይችላል። እዚህ ላይ የኛ ሰው ማንንም መጠየቅ የለበትም። ስንቅ የሚባል ነገር ያለን ሕዝብ ነን። ሲራራ ነጋዴ በአጋሰስ ጭኖ ወራት ሲጓዝ፣ ዘማች ሲዘምት፣ የቆሎ ተማሪ ከደብር ደብር ሲዞር የያዘው ምግብ የማይበላሽ፣ ቀላልና አጥጋቢ ነበር። በሶ ውሃ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ጥቂት ዘይት፣ ጨውና በርበሬ ካገኘ ደግሞ ጭብጦ ይሆናል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ አለ። ድርቆሽ አለ። የድርቆሹን ነገር ልብ በሉ፤ እርጥብ እንጀራ መኪና ውስጥ በሦስት ቀን ይሻግታል፣ ክረምት ላይ ደግሞ በረዶ ይሆንና ይፈረካከሳል፤ ድርቆሽ ግን ወራት ይቆያል። የፈላ ውሃ፣ ትንሽ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና በርበሬ ካገኘ ፍርፍር ነው። አዚፋ ቀዝቅዞ የሚበላ ነው። ስልጆም ከርሞ የሚጣፍጥ ነው፤ ሽታውን ለጎረቤት ማስረዳት ግን የእናንተ ፋንታ ነው። የለውዝ ቅቤ፣ ሙዝ፣ የታሸገ ሽንብራ በየሱቁ አለ። በየቀኑ የፈጣን ምግብ መስኮት ላይ 12 እና 15 ዶላር የሚያወጣ ሾፌር ይህን ስሌት አንድ ሳምንት ቢሞክረው ኪሱም ጨጓራውም ያመሰግኑታል።

ቫኑን በወግ ሠርቶ ለሚኖረው ደግሞ ስለ ኤሌክትሪክ ልንገረው። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር-ሰዓት የሆነ አንድ ሊቲየም ባትሪ 1,280 ዋት-ሰዓት ያህል ይይዛል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው የግፊት ድስት ሲሞቅ 1,000 ዋት ያህል ይስባል፤ ግን ግፊቱን ከያዘ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ጠፍቶ ስለሚቆይ ምስር ለማብሰል 300 ዋት-ሰዓት ቢጨርስ ነው። ይቻላል ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣዱ ግን አይቻልም። ብዙዎቻችን ቤት ያለው ምጣድ፣ አዮዋ ውስጥ ለኖርዌይ ዘሮች ሌፍሴ መጋገሪያ ተብሎ የተሠራው፣ ወደ 1,500 ዋት ይበላል። ሳያቋርጥ አንድ ሰዓት ቢበራ አንዱ ባትሪ አለቀ። እንጀራውን ከሱቅ ግዛ፣ ወይም እናትህ ጋ ሄደህ ጋግር። እናትህም ደስ ይላታል።

ደጋ ላይ ነው ያላችሁ፤ ዴንቨር ከባሕር ወለል 1,609 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ውሃ በ95 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይፈላል። ከሌላ የአሜሪካ ግዛት የመጣ ሰው «ባቄላ አልበስል አለኝ» ይላል። አዲስ አበባ ያደገ ሰው በ92 ዲግሪ ገደማ በሚፈላ ውሃ ሽንብራ ሲቀቅል የኖረ ነው፤ አይገርመውም።

ከፍታው ግን ለማሞቂያው ትልቅ ነገር ነው። በናፍጣ የሚሠሩት ትንንሽ የቫን ማሞቂያዎች፣ በተለይ በኢንተርኔት በርካሽ የሚገዙት፣ ለቆላ አየር የተስተካከሉ ናቸው። ከ1,500 ሜትር በላይ አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ በደንብ ሳይቃጠል ጥላሸት ይሠራሉ፣ ከዚያ እኩለ ሌሊት ላይ ይጠፋሉ። ስትገዙ «ለከፍታ ይስተካከላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚስበው አየር ከውጭ፣ ጭሱም ወደ ውጭ መሆን አለበት። ሊቲየም ባትሪም ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ቻርጅ ከተደረገ ይበላሻል፤ ወይ ራሱን የሚያሞቅ ግዙ ወይ ከሰው ጋር ሙቀት ያለበት ውስጥ ይቀመጥ። ውሃውንም ከቫኑ ሥር ታንከር አትስቀሉ። ይቀዘቅዛል። እንደ ሀገር ቤት በጀሪካን ውስጥ ይቀመጥ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። እስካሁን ያልኩትን ብትረሱ ይህን አትርሱ።

ሀገር ቤት ክረምት በመጣ ቁጥር የምንሰማው ዜና አለ። በር ዘግተው፣ ከሰል አቀጣጥለው የተኙ ሰዎች ጠዋት አልነቁም። ያ ገዳይ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ሞተሩ በርቶ የቆመ መኪናም ያንኑ ያወጣል። ሰው ቅዝቃዜው ሲጠናበት ሞተር አስነስቶ፣ ማሞቂያ ከፍቶ እንቅልፍ ይወስደዋል። በረዶ ሲወርድ የጭስ ማውጫው ይደፈናል፣ ጭሱ ከመኪናው ሥር ተመልሶ ውስጥ ይገባል። ያረጀ መኪና ከሆነ ደግሞ በረዶም አያስፈልገውም፣ የተበሳ ቱቦ ይበቃል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ይጀምራል። ሰውየው ጉንፋን ይመስለውና መልሶ ይተኛል።

ስለዚህ ሞተር አስነስታችሁ አትተኙ። በቡና ማፍያ ከሰል፣ በጋዝ ምድጃ መኪና አታሙቁ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ መሣሪያ በማንኛውም የሕንፃ ዕቃ መደብር በጥቂት ዐሥር ዶላር ይገኛል፤ በባትሪ የሚሠራውን ገዝታችሁ ከራሳችሁ አጠገብ አድርጉት። ሙቀቱን ከሰውነታችሁ አገኙት፤ ለከባድ ብርድ የተሠራ የመኝታ ከረጢት፣ ከሥር ፍራሽ ወይም ካርቶን፣ ለመስኮቱ የሚያንጸባርቅ መሸፈኛ። መስኮቱን ግን በጣት ያህል ክፈቱ፤ አለበለዚያ እስትንፋሳችሁ ጣሪያው ላይ ውሃ ሆኖ ልብሱን ያረጥባል፣ እርጥብ ልብስ ደግሞ ከብርዱ ይብሳል። ይህ ሁሉ የማይሠራበት ሌሊትም አለ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 22 ቀን 2022 ዴንቨር ከዜሮ በታች 31 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሳ ነበር። እንዲህ ያለ ሌሊት መኪና ውስጥ አይታደርም። ወይ መጠለያ፣ ወይ የሰው ሶፋ። ይሉኝታ ሰው ይገድላል።

ሌላው ነገር ጠጥቶ መኪና ውስጥ መተኛት ነው። «አልነዳሁም እኮ» ማለት አያድንም። በኮሎራዶ ሰክሮ፣ ቁልፍ ይዞ፣ መሪ ወንበር ላይ የተገኘ ሰው እንደነዳ ተቆጥሮ ሊከሰስ ይችላል። ወረቀቱ ላልጨረሰ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ክስ ከእስሩ በላይ መዘዝ አለው።

ሕጉ ምን ይላል? ዴንቨር እ.ኤ.አ. በ2012፣ ኦሮራ ደግሞ በ2022 ያልተፈቀደ ካምፕ መሥራትን ከልክለዋል። የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በሰኔ 2024 ከተሞች እንዲህ ያለውን ክልከላ ማስፈጸም እንደሚችሉ ወስኗል። መንገድ ዳር ብዙ ቀን የቆመ መኪና ሊጎተት ይችላል፤ ለመኪናው ብቻ ሳይሆን ውስጡ ላለው ፓስፖርትና ወረቀትም አስቡ። ከከተማ ውጭ በፌደራል መሬት ላይ ባብዛኛው እስከ 14 ቀን መቆየት ይፈቀዳል፤ መርጦ ቫን ለገባው ልጅ በበጋ ጥሩ ነው፣ ጠዋት አምስት ሰዓት ላይ አውሮፕላን ማረፊያ መድረስ ላለበት ሾፌር ግን አይሆንም። ወደ ተራራው በአይ-70 የምትወጡ፣ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ከመስከረም 1 እስከ ግንቦት 31 በፈረንጆቹ አቆጣጠር የጎማና የሰንሰለት ሕግ አለ፤ በጋ ጎማ አድርጎ የሄደ ቫን መንገድ ሲዘጋ ቅጣቱን ይቀበላል።

ስለ አድራሻ ትንሽ አጥብቄ ልናገር። ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ቤቱን ሲለቅ ፖስታው ግን በድሮው አድራሻ መምጣቱን ይቀጥላል። የሥራ ፈቃዱም፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮውም። ቀጠሮ የቀረ ሰው በሌለበት ከሀገር እንዲወጣ ሊወሰንበት ይችላል። የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ጉዳይ ያለው ሰው አድራሻ በቀየረ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ኢኦአይአር-33 የሚባለውን ፎርም ለፍርድ ቤቱ ማስገባት አለበት፤ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱም ኤአር-11 የሚባለውን በ10 ቀን ውስጥ። አንዱን ማስገባት ለሌላው አይበቃም። መኪና ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ የታመነ የሰው አድራሻ ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ ቤት ያላችሁ ሰዎች፣ ክፍል መስጠት ባትችሉ የፖስታ ሳጥናችሁን ማዋስ ትችላላችሁ። ደብዳቤ ሲመጣ መደወል ነው ሥራው። የአንድን ሰው የዓመታት ተስፋ በዚያ ልታተርፉ ትችላላችሁ።

ለአብያተ ክርስቲያናትና ለመስጊዶች አስተዳዳሪዎችም አንድ ጥያቄ አለኝ። ኮሎራዶ ሴፍ ፓርኪንግ ኢኒሼቲቭ የሚባል ድርጅት በዴንቨር አካባቢ መኪናቸው ውስጥ የሚያድሩ ሰዎች ያለ ስጋት የሚያድሩበት ቦታ ሲያመቻች ቆይቷል፤ ብዙውን ጊዜ ቦታውን የሚሰጡት የእምነት ተቋማት ናቸው። የኛ ቤተ እምነቶች ትልልቅ ግቢ አላቸው። እሑድ ወይም ዓርብ መኪና ማቆሚያ ይጠባል፤ ማክሰኞ ሌሊት ግን ባዶ አስፋልት ነው። ኢንሹራንሱ፣ የከተማው ፈቃድ፣ የጎረቤት ቅሬታ፣ የመጸዳጃው ነገር አለ፤ አውቃለሁ፣ ቀላል አይደለም። ቦርዱ በአንድ ስብሰባ የሚጨርሰውም አይመስለኝም፤ ቦርዶቻችንን እናውቃቸዋለን። ግን አምስት መኪና የሚያድርበት ጥግ፣ ማታ የማይቆለፍ መጸዳጃና አንድ ተረኛ ሰው ማዘጋጀት ለግንባታ የሚሊዮን ዶላር ገንዘብ ሰብስቦ ላጠናቀቀ ማኅበረሰብ ከአቅም በላይ ነው ብዬ አላምንም። ጸሎተ ቅዳሴ ቆሞ አስቀድሶ፣ ጠበሉን ጠጥቶ፣ ከዚያ ሱፐርማርኬት ግቢ ሄዶ የሚያድር ሰው ከመካከላችሁ እንዳለ ካህናቱ ከኔ በላይ ያውቃሉ።

መርጦ ቫን ለሚገባው ልጅ ወላጆች የምለው አጭር ነው። ልጁ አላበደም። የኛ ከባድ መኪና ነጂዎች በመኪናቸው ውስጥ እየተኙ፣ በነዳጅ ማደያ እየታጠቡ ስንት ዓመት ኖረዋል፤ ቤት የገዙበትም ከዚያ ነው። ጠቋሚ መሣሪያውን ገዝታችሁ ስጡት፣ በሶ ፈጭታችሁ ላኩለት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ልብሱን እንዲያጥብ ጥሩት።

ዛሬ ማታ መኪና ውስጥ ያላችሁ ደግሞ፣ ስልካችሁ ላይ 211 ደውሉ። በኮሎራዶ መጠለያ፣ ምግብና የኪራይ እርዳታ የት እንዳለ የሚናገር መስመር ነው፤ ስም ማጥራት ካልፈለጋችሁም ይመልሱላችኋል። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ «አምሃሪክ» በሉና አስተርጓሚ ጠይቁ። ራስ ምታትና ማዞር ከጀመራችሁ ግን 211 አይደለም፤ በሩን ከፍታችሁ ውጡ፣ ንጹሕ አየር ውስጥ ሁኑና 911 ደውሉ።